ልጁ ነገም ዳቦ ይላካል

ጥያቄውን የጠየቀችው ልጅ ዘጠኝ ወይ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ከፊት ሰሌኑ ላይ ተቀምጣለች፤ ታናሽ ወንድሟ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ፊልሙ አልቆ ጥያቄና መልስ ሲጀመር እጇን አወጣች። መድረክ የሚመራው ወጣት ዕድሉን ሰጣት።

"ቲቸር፣ ነገስ?"

"ነገስ ምን?"

"ነገ ዳቦ ሲላክ በየት በኩል ይሄዳል?"

ወጣቱ ፈገግ አለ። "ፊልሙ እኮ አልቋል" አላት።

"ፊልሙ አልቋል። ልጁ ግን ነገም ዳቦ ይላካል።"

ወጣቱ ሰዓቱን አየ። ገና ብዙ ፊልም ይቀረዋል። "ጎበዝ! እስቲ አጨብጭቡላት!" አለና ወደሚቀጥለው አለፈ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እሷ እጇን አውርዳ ስታየው ቆየች።

የሆነው ይኸው ነው። ግን ያ "ነገስ?" አብሮኝ ድሬዳዋ ወረደ፤ በነጋታው አብሮኝ ሥራ ገባ። አሁንም ልጆች ፊልም ሲያዩ ባየሁ ቁጥር ይመጣብኛል። ስለዚህ ልጻፈው።

ቦታው ሐረር ነው፤ ጀጎል ውስጥ ያለ አንድ ግቢ። ከከተማ ከተማ እየዞረ ፊልም የሚያሳይ ፌስቲቫል ሁለት ምሽት ለልጆች መድቦ ነበር። ፕሮግራሙ "ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ አጫጭር የጀብዱ ፊልሞች" ይላል። የእህቴን ልጆች ይዤ ከድሬ ወጣሁ። መሃል ላይ ያለው ደንገጎ ተራራ ላይ ሹራብ አስለበስኳቸው፤ የድሬ ልጅ ሐረር ማታ ላይ እንደሚበርድ አያምንም። ስንደርስ የመግሪብ ሶላት አልቋል። ግድግዳው ላይ ነጭ አቡጀዲ ተወጥሯል። ፕሮጀክተሩ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ሰሌኑ በልጆች ሞልቶ የቀሩት ደረጃው ላይ ተደርድረዋል።

ውሻው ሲጮህ

ፊልሙ "ዳቦና ቅያስ" ይባላል። ኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚ እ.ኤ.አ. በ1970 የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው። ከአሥር ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ንግግር የለውም ማለት ይቻላል።

አንድ ትንሽ ልጅ ዳቦ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መንገድ ላይ ያገኘውን ነገር በእግሩ እየመታ፣ ደስ ብሎት። ቅያሱ ውስጥ ውሻ ይጮህበታል። ሮጦ ይመለሳል። ቆሞ ይጠብቃል። ሰው ያልፋል፤ ማንም ልብ አይለውም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ይመጣሉ፤ ልጁ ከኋላቸው ሥር ሥራቸው ይላል። ሽማግሌው ግን ውሻው ጋ ሳይደርሱ ወደ ሌላ በኩል ይታጠፋሉ። አሁን ልጁና ውሻው ብቻ ቀሩ። ልጁ ከዳቦው ቆርሶ ይወረውርለታል። ውሻው ይበላል። ከዚያ ጭራውን እየቆላ እስከ ቤቱ ይሸኘዋል። በሩ ይዘጋል፤ ውሻው ደጃፉ ላይ ይተኛል። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ልጅ በዚያው ቅያስ ብቅ ይላል፤ እጁ ላይ ሳህን ይዟል። ውሻው ይነሳል። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

ውሻው የመጀመሪያዋን ጩኸት ሲያሰማ ግቢው ተናወጠ። "አትሩጥ! አትሩጥ!" "ሂንፊጊን!" ይኸኛው ያው "አትሩጥ" ነው፣ በኦሮምኛ። አንዱ በሐረሪ፣ አንዱ በሶማሊኛ። ሁሉም ልጁን እየመከረ ነው። ከጎኔ የነበረ አንድ ቀጭን ልጅ "ድንጋይ አንሳ" ብሎ ጮኸ። ጓደኛው አረመው፤ "ባታነሳም ጎንበስ በል፤ ያነሳህ ይመስለዋል።" ይህን ብልሃት እኔም አውቀዋለሁ። አንባቢዬም ያውቀዋል። ጎንበስ ብሎ መሬት መንካት። ድንጋይ ባይኖርም ውሻው አንድ እርምጃ ያፈገፍጋል። የቴህራኑ ልጅ ይህን አላደረገም። የሐረር ልጆች በዚህ ተናደዱበት።

ከዚያ ልጁ ዳቦውን ቆረሰ። ግቢው ጸጥ አለ። አንዲት ልጅ ብቻ በዝግታ "እናቱ ትቆጣዋለች" ስትል ሰማኋት።

መብራት ሲበራ መድረክ መሪው የለመድነውን ጥያቄ ጠየቀ። "ልጆች፣ ከዚህ ፊልም ምን ተማራችሁ?" እኛ አገር ለልጅ ተረት ሲነገርም፣ ድራማ ሲታይም መዝጊያው ይህ ነው። ልጆቹም መልሱን ያውቁታል። "ማካፈል!" "እንስሳትን መውደድ!" "ዳቦ አለመጣል!" እያንዳንዱ መልስ ተጨበጨበለት። ከአሥር ደቂቃ በፊት ያ ሁሉ ምክር ሲጎርፍበት የነበረ ግቢ ክፍል ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ያኔ ነው ያቺ ልጅ እጇን ያወጣችው።

ሁለቱን ጥያቄዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ነገሩ ይገባኛል። "ምን ተማራችሁ?" ፊልሙን ይዘጋዋል። "ነገስ?" ይከፍተዋል። የመጀመሪያው ልጁን እንደ ምሳሌ ያየዋል። ሁለተኛው እንደ ሰው። ምሳሌ ነገ የለውም። ሰው ግን ነገ ጠዋት ይነሳል፣ እናቱ ሳንቲም ትሰጠዋለች፣ ዳቦ ቤት ይሄዳል፣ ሲመለስ ያው ቅያስ ያው ውሻ ይጠብቀዋል። ልጅቷ ልጁን ቤቱ አስገብታ መተው አልቻለችም። ተጨነቀችለት።

ፊልሙም ራሱ በዚህ በኩል ከእሷ ጋር ነው። ኪያሮስታሚ በሩ ሲዘጋ ማብቃት ይችል ነበር። ውሻና ልጅ ታረቁ፣ ተፈጸመ። ግን አላበቃም። ሌላ ልጅ አመጣ። ችግሩ ለአንድ ልጅ ተፈታ እንጂ ከቅያሱ አልተነሳም። ልጅቷ የጠየቀችው ዳይሬክተሩ አስቦ ክፍት የተወውን ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ፊልሙን እንደ እሷ ያየ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ትልልቆቹን ጨምሮ።

አክተሩ አይሞትም

ድሬ ያደገ የእኔ ዕድሜ ሰው ቪዲዮ ቤትን አይረሳም። አግዳሚ ወንበር፣ የተከረቸመ መስኮት፣ ሙቀት፣ ላብ። ካራቴ፣ ጦርነት፣ የህንድ ፊልም። ለህንድ ፊልም እንባችን ቅርብ ነበር። ሕጉ አንድ ነው፤ አክተሩ አይሞትም። ዘግይተን ከገባን አጠገባችን ያለውን የምንጠይቀው መጀመሪያ "አክተሩ ማነው?" ነው። እሱን ካወቅን ልባችን ያርፋል። ከዚያ በኋላ የምናየው ያሸንፍ እንደሆነ ሳይሆን እንዴት እንደሚያሸንፍ ነው።

ያንን ደስታ አልክድም። ዛሬም ቢመጣ አያለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ለአክተሩ ምክር የሚሰጥ ልጅ አልነበረም። በርታ እንለዋለን፣ እናፏጭለታለን፣ ስንወጣ ርግጫውን መንገድ ላይ እንደግመዋለን። ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አንነግረውም። ከሄሊኮፕተር እንዴት እንደሚዘለል ማናችን እናውቃለን? የቴህራኑን ልጅ ግን የሐረር ልጆች መከሩት። ያንን ውሻ ያውቁታል። ስሙንም ይነግሩሃል፣ በየትኛው በር እንደሚተኛም።

አጭር ፊልም እዚህ ላይ ጉልበት አለው። የኦስካር ሽልማት የሚሰጠው አካዳሚ አጭር ፊልም የሚለው ከነስም ዝርዝሩ 40 ደቂቃ ያልዘለለውን ነው። አብዛኛው የልጆች አጭር ፊልም ከዚያም በእጅጉ ያንሳል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የወርቅ ካርታ፣ ዋሻ፣ የክፉ ንጉሥ ሠራዊት አይገባም። ዓለምን ማዳን አይቻልም። ስለዚህ አደጋው ትንሽ መሆን አለበት፤ አንድ ልጅ ብቻውን የሚሸከመው። አንድ ውሻ። አንድ የጠፋ ጫማ። አንድ የሚያስፈራ ደረጃ። ትልቅ ሰው ሲያየው "ይህም ጀብዱ ሆኖ?" ይላል። ለልጁ ግን ትንሽ አይደለም። ልክ ቁመቱን ያህል ነው።

ኪያሮስታሚ ያንን ፊልም የሠራው ለካኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ኢራን ውስጥ ለልጆችና ለወጣቶች አእምሮ ማበልጸጊያ የተቋቋመ ተቋም ነው። በመጻሕፍትና በቤተ መጻሕፍት ጀምሮ ወደ ፊልም ገባ። ብዙ ታላላቅ የኢራን ዳይሬክተሮች ከዚያ ቤት ወጥተዋል። ኪያሮስታሚ በኋላ ሲናገር የመጀመሪያ ሥራው በጣም ከባድ እንደነበር አልደበቀም። ትንሽ ልጅ፣ ውሻ፣ ልምድ የሌለው ቡድን፣ የሚያጉረመርም ካሜራማን። ውሻና ልጅ ደግሞ "አንዴ ድገሙት" ቢባሉ አይሰሙም። ለአሥር ደቂቃ ፊልም ያን ያህል መልፋቱ ለልጆች ያለውን ክብር ይነግረኛል። ለልጅ የሚሠራ ነገር ላይ መድከም አያስፈልግም የሚል ሰው አልነበረም።

በዚያው ምሽት "ቀዩ ፊኛ"ም ታይቷል። ፈረንሳዊው አልቤር ላሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1956 የሠራው፣ 34 ደቂቃ። አንድ የፓሪስ ልጅና የሚከተለው ፊኛ። ልጁ የዳይሬክተሩ የገዛ ልጅ ነው። ንግግሩ የለም በሚባል ደረጃ ጥቂት ነው፤ ሆኖም በድርሰት ኦስካር አግኝቷል። የፈረንሳዩ ካን ፌስቲቫል ላይም በአጭር ፊልም ዘርፍ አሸንፏል። ላሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1970 ኢራን ውስጥ ፊልም ሲቀርጽ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። "ዳቦና ቅያስ" የተሠራበት ዓመት። ምንም ግንኙነት የላቸውም፤ ግን ሁለቱን ፊልሞች በአንድ አቡጀዲ ላይ ሳይ ትዝ አለኝ።

ጎረምሶቹ ፊኛውን በድንጋይ ሲያሳድዱት የእህቴ ትንሹ ልጅ ፊቱን ክንዴ ሥር ቀበረ። መጨረሻ ላይ የከተማው ፊኛ ሁሉ ተሰብስቦ ልጁን ወደ ሰማይ ሲያነሳው ግቢው በእልልታ ቀለጠ። ወዲያው ግን ከደረጃው ላይ አንዱ፣ "በየት በኩል ይወርዳል?" አለ። ያው ጥያቄ ነው፤ ነገስ? ልጆች የታሪክን መጨረሻ እንደ እኛ አይቀበሉም። እኛ ደስ ብሎን እንሄዳለን። እነሱ ያንን ልጅ አየር ላይ ትተውት መሄድ አይሆንላቸውም።

ጅብ ለለመደ

የልጅቷ ጥያቄ መድረኩ ላይ መልስ አላገኘም። መልሱን ያገኘው በር ላይ ነው። ፕሮግራሙ አልቆ ወላጆች ልጆቻቸውን እስኪወስዱ ጥቂቶች ግንቡን ተደግፈው ይከራከሩ ነበር። ቆሜ ሰማሁ።

አንዱ "በየቀኑ አንድ ትርፍ ዳቦ ይግዛ" አለ። ሌላዋ ተቃወመች። "ከየት አምጥቶ? ብሩን እኮ እናቱ ናት ቆጥራ የምትሰጠው።" ሦስተኛው "ባለ ሳህኑን ልጅ ይጠብቀውና ለሁለት ይሂዱ" አለ። ይህ ብዙ ደጋፊ አገኘ። ከዚያ የሰፈሩ ልጅ እንደሆነ የሚያስታውቅ፣ ኮፍያ ያደረገ አንድ ልጅ ነገሩን ቋጨው። "አቦ፣ አንዴ አብልቶታል እኮ። አውቆታል። ጅቡስ ቢሆን?"

ማንም አልተከራከረውም። ሐረር ነዋ። ማታ ማታ በሮቹ ደጅ ጅብ ከሰው እጅ ሥጋ ይበላል። ግንቡ ሥር ውሃና ጅብ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች አሉ። በአሹራ ቀን ለጅቦች ገንፎ ይቀርባል፤ እንዴት እንደበሉት ታይቶ ስለሚመጣው ዓመት ይነገራል። ጀጎል ውስጥ ያደገ ልጅ ማታ ቅያስ ላይ ጅብ ቢያጋጥመው ምን እንደሚያደርግ ጠይቄ አውቃለሁ። "ግንቡን ተጠግቼ አሳልፈዋለሁ" ነው መልሱ። አይሮጥም። አይጮህም። መንገድ ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ያሰብኩት። እኔ የለመድኩት ጀብዱ መጨረሻው አውሬውን መግደል ነው። ዘንዶው ይሞታል፣ ሰው ያርፋል። ነገ የሚባል ጥያቄ አይነሳም፤ የሚያስፈራው ነገር የለማ። "ዳቦና ቅያስ" ውስጥ ግን ውሻው አይሞትም፣ አይባረርም። ልጁም ከእሱ ጋር የሚኖርበትን መንገድ አገኘ። ባለ ኮፍያው ልጅ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለገውም። ከተማው በሙሉ ይህንኑ ሲያደርግ ነው ያደገው። አውሬውን ከማጥፋት ይልቅ ግንቡ ላይ ማለፊያ የተወ ሕዝብ ልጅ ነው።

"ፈሪ ለእናቱ" ይባላል። ተረቱ ለስድብም ለምስጋናም ይሆናል፤ እኔ እዚህ በምስጋናው ነው የያዝኩት። የቴህራኑ ልጅ ፈርቷል። ፊቱ ላይ ይታያል፣ አይደብቀውም። ግን ፈርቶም ዳቦውን አደረሰ፤ ትንሽ ጎድሎ ቢሆንም። ለልጆቻችን ከማሳያቸው ደፋሮች ሁሉ እሱን እመርጣለሁ። ፍርሃት የማያውቅ አክተር ለሚፈራ ልጅ ምን ይነግረዋል?

ሱቅ በደረቴው

በሁለተኛው ምሽት ረዘም ያለ ፊልም ነበር፤ 45 ደቂቃ። "ፀሐይን የሸጠችው ትንሿ ልጅ"። የሴኔጋሉ ጅብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ የመጨረሻ ሥራ ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1998 ሞተ፤ ፊልሙ በዓመቱ ወጣ። ሲሊ የምትባል በክራንች የምትሄድ ልጅ ዳካር ከተማ ውስጥ ጋዜጣ ለመሸጥ ትወስናለች። ሥራው የወንዶች ልጆች ነው። ይገፏታል፣ ይጥሏታል። እሷ ትነሳለች።

በሩ ጋ አንድ ሱቅ በደረቴ ልጅ ቆሞ ያይ ነበር። ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ከረሜላ። ሳጥኑን ከአንገቱ አላወረደም። አንድ እጁ ሳጥኑ ላይ ነው። ዓይኑ አቡጀዲው ላይ። "ግባ፣ ቁጭ በል" አልኩት። "አይ ጋሼ፣ እያየሁ ነው" አለኝ። ወንዶቹ ልጆች ሲሊን ሲገፏት ሳጥኑን በሁለት እጁ ሲይዝ አየሁት። ፊልሙ ሲያልቅ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ከአንዱ ጋዜጣ ስንት ታተርፋለች?" አለኝ። የማውቀውን ያህል ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ወደ ፈረስ መጋላ በኩል ሄደ።

ሰሌኑ ላይ ላሉት ልጆች የሲሊ ታሪክ ጀብዱ ነው። ለእሱ የሥራ ነገር ነው። የእሱ ጥያቄም "ነገስ?" ነው፤ በብር የተጠየቀ። ነገ ጋዜጣው ባይሸጥላትስ? ይህን ሳስብ ልጆችን ብቻቸውን የሚልክ ታሪክ ሁሉ ውብ ነው ማለት ያቅተኛል። አንዳንዱ ልጅ የሚሄደው ብቻውን መሄድ ስላለበት ነው፤ ማታ የሚመለስበት ቤትም አይኖረው ይሆናል። የማምቤቲ ፊልም ይህን አይሸፍንም። ስለ ሲሊ አያለቃቅስም፣ ችግሯንም አያሳንስም። ሱቅ በደረቴው እስከ መጨረሻው የቆመው ለዚህ ይመስለኛል።

ማን ይላካል?

እኔ ድሬ፣ መጋላ በኩል ነው ያደግኩት። ዳቦ ግን ከከዚራ ነበር የምንገዛው፤ እናቴ የዚያኛውን ዳቦ ቤት ትመርጣለች። መሃል ላይ ደቻቱ አለ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሆነ ወንዝ። ድልድዩ ለእኔ ሩቅ ነው፤ አሸዋው አቋራጭ ነው። እናቴ ሳንቲሙን መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን በእጇ ትዘጋቸዋለች። ከዚያ "ደንገጎ ላይ ደመና ካየህ እንዳትሻገር" ትለኛለች። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ተራራውን አያለሁ። ከዚያ አሸዋው ላይ እወርዳለሁ። መሃል ስደርስ ደግሞ ዞር ብዬ አያለሁ። በረድ ያለ ንፋስ ከመጣ ሩጫ ነው። አሸዋው ያቃጥላል፤ ዳቦው ከደረቴ ጋር ይሞቃል።

ያ የእኔ ጀብዱ ነበር። ያኔ ማንም እንደዚያ አላለውም። መላክ ነው የሚባለው። አንድ ልጅ፣ አንድ ዕቃ፣ አንድ አደጋ፣ አንድ ቤት። "ዳቦና ቅያስ" የተሠራበት ዕቃ በሙሉ እናቴ እጅ ላይ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት መጥቶ ያደረገውን ድሬዎች እናውቃለን። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ከዚያ በኋላ ልጄን በአሸዋው ልላክ የሚል ወላጅ ቢገኝ እኔ ራሴ እከለክለዋለሁ። ባጃጁም አለ፣ መኪናውም በዝቷል፣ ስለ ጠፉ ልጆች የሚወራውም ብዙ ነው። እህቴ ልጆቿን ከበር ውጭ ብቻቸውን አትልክም። አልፈርድባትም። ፍርሃቷ ባዶ አይደለም።

ግን ልጆቿ የቴህራኑን ልጅ ሲያዩ ምክር አልሰጡም። ይህን ልብ ያልኩት በኋላ ነው። ግቢው ሁሉ "አትሩጥ" ሲል እነሱ ዝም ብለው ያዩ ነበር። ፊልሙን ወደዱት። ትልቁ ግን መንገድ ላይ፣ "ለምን አባቱን አልጠራም?" አለኝ። ብልህ ልጅ ነው፤ ጥያቄውም ልክ ነው። ችግር ሲመጣ የሚያውቀው መውጫ ስልክ ነው። የጀጎል ልጆች ያዩት ፊልም እና እሱ ያየው ፊልም አንድ አልነበረም። ለአንዱ ትዝታ ነው፣ ለሌላው ተረት። ስለዚህም እነዚህ ፊልሞች ከማንም በላይ ለእሱ ያስፈልጋሉ እላለሁ። ብቻውን ቅያስ ውስጥ መቆም ምን እንደሚመስል ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይቅመስ።

ለአዘጋጆቹ

ፌስቲቫሉ ጥሩ ሥራ ሠርቷል። ፊልሞቹን የመረጠው ሰው ልጆችን ያከብራል። ንግግር ባለባቸው ፊልሞች ላይ ሁለት ወጣቶች ማይክ ይዘው በአማርኛና በኦሮምኛ እየተቀባበሉ ያነቡ ነበር። አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች "ድሮ ቀረ" ብለው አጉረመረሙ። ድሮ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ለልጆች ራሱን የቻለ ክፍል ያለው የበርሊን ፌስቲቫል ዛሬም ለትንንሾቹ ልጆች እንዲሁ ያደርጋል፤ አዳራሹ ውስጥ ሰው ቁጭ ብሎ ንግግሩን በጀርመንኛ ያነብላቸዋል። ገና ያላነበበ ልጅ ጽሑፍ አያሳድድም።

የሚጎድለው ጊዜ ነው። ፊልም በፊልም ላይ ተደራርቦ ልጆቹ መናገሪያ አጡ። "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" የምንል ሕዝቦች ነን፤ አስተያየታቸውንም በዚያው ሚዛን እንመዝነዋለን። ጣሊያን ውስጥ ጂፎኒ የሚባል ፌስቲቫል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረ። አሸናፊውን የሚመርጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። አይተው፣ ተከራክረው፣ ዳይሬክተሩን ፊት ለፊት ጠይቀው። ሐረር ላይም ዳኞቹ ነበሩ። በር ላይ ቆመው ሲከራከሩ ከእኔ በቀር የሰማቸው ግን የለም፤ አዘጋጆቹ ሽቦ እየጠቀለሉ ነበር።

በሚቀጥለው ዙር ያን ሁሉ ፊልም አታምጡ። ለአንድ ምሽት ሦስት ይበቃል። ከእያንዳንዱ በኋላ መብራት አብሩና ዝም በሉ። "ምን ተማራችሁ?" ይቅር። ራሳቸው ይጀምሩታል። ማይኩን ለልጅ ስጡት፤ በፈለገው ቋንቋ ይናገር፣ ከጎኑ ያለው ይተረጉምለታል። ሱቅ በደረቴዎቹን በር ላይ አታስቁሟቸው፤ ሳጥናቸውን የሚያስቀምጡበት፣ የሚጠብቅላቸውም ሰው ይኑር። ደግሞ አንድ ምሽት ለዚህ አገር ልጆች ፊልም ይከፈት። ስልክ አላቸው። ታሪኩም አላቸው፤ እነዚያ ግንብ ተደግፈው ሲከራከሩ የነበሩት አንድ ሙሉ ሁለተኛ ክፍል ጽፈው ጨርሰዋል። ባለ ሳህኑን ልጅ ጠብቆ ለሁለት መሄድ።

ይህን ሁሉ ለአዘጋጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። ጻፈው አሉኝ፤ ጽፌዋለሁ።

የእህቴ ትልቁ ልጅ የደቻቱን ታሪክ ከነገርኩት ወዲህ አልለቀቀኝም። በስልኬ ሊቀርጸው ይፈልጋል። ዳቦ የሚይዘው ታናሹ ነው። ደመናውን እናሳይ ወይስ ልጁ ቀና ሲል ፊቱን ብቻ እናሳይ በሚለው ላይ ተጣልተዋል። እኔ ፊቱን ብያለሁ። ትልቁ ደመናውን ይላል፤ "ካላዩት በምን ያውቃሉ?" ነው ክርክሩ። በጥር፣ ዝናብ በሌለበት፣ አሸዋው ላይ እንቀርጻለን ብለናል። እናታቸው ግን ገና አልፈቀደችም። ጠዋት ጠዋት ቡና ላይ እየለመንናት ነው።